ከቦዲው በፊት ትራይፖዱ፦ መልክዓ ምድር ለሚያነሱ የዕቃና የቦታ መመሪያ

ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ቡና ላይ ሲገናኙ ሁለት ጥያቄ አይቀርም፤ «ቀጥሎ ምን ልግዛ?» እና «ቅዳሜ የት እንውጣ?»። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሰዓቱን ሁሉ ይበላና ሁለተኛው ሳይመለስ ሒሳብ ይከፈላል። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ግን ብዙ ብር ይተርፋል። የት እንደምትቆሙ፣ በስንት ሰዓት እንደምትደርሱ፣ ከፊታችሁ ያለው ሸለቆ ምን ያህል እንደሚርቅ ስታውቁ የሚያስፈልገው ዕቃ በራሱ ይለያል። የእኛ ደጋ ብርሃን ፈጣን ነው፤ አፋፉ ሰፊ ነው፤ ነፋሱና አቧራው አይጣል ነው። ለንደን ለሚኖር አንሺ የተሰጠ የግዢ ምክር እዚህ ሲደርስ ግማሹ ይወድቃል።

ይህ መመሪያ ኪት ሌንስ ያለው ካሜራ ይዘው «አሁንስ ልቀይረው» ለሚሉ የተጻፈ ነው። ካኖንም ይሁን ኒኮን፣ ሶኒም ይሁን ፉጂ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው።

1. መጀመሪያ የራሳችሁን ፎቶ መርምሩ

ባለፈው ዓመት ካነሳችኋቸው መካከል ልትወዷቸው ፈልጋችሁ ያልወደዳችኋቸውን 20 ፎቶዎች ምረጡ። በስልክ ሳይሆን በኮምፒውተር ክፈቷቸው። ከእያንዳንዱ ጎን የጎደለውን ነገር በአጭሩ ጻፉ፤ ከዚያ የትኛው ጉድለት እንደሚደጋገም ቁጠሩ።

• ብዥ ብሏል፣ እጅ ተንቀጥቅጧል፦ የሚያስፈልጋችሁ ትራይፖድ ነው።
• ሰማዩ ነጭ ሆኗል ወይም መሬቱ ጠቁሯል፦ ሰዓታችሁን ቀይሩ፣ በራው አንሱ።
• ተራራው በዓይን ሲያዩት ግዙፍ ነበር፣ ፎቶው ላይ ግን ጉብታ ሆኗል፦ ረጅም ሌንስ ያስፈልጋችኋል።
• እግራችሁ ሥር ያለው አበባና ሩቅ ያለው ተራራ አብረው አልገቡም፦ ሰፊ ሌንስ ያስፈልጋችኋል።
• ፎቶው ጥርት ያለ ነው፤ ግን ምንም አይልም፦ የማንቂያ ደወላችሁን አስተካክሉ። ይህን የሚፈውስ ዕቃ አይሸጥም።
• ጨለማ ላይ የተነሳው በኖይዝ ተሞልቷል፦ መጀመሪያ ትራይፖድ፤ ኮከብ የምታነሱ ከሆነ ብቻ አዲስ ቦዲ።

አብዛኛው ሰው ይህን ዝርዝር በእውነት ከሠራው «ቦዲ» የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ይመጣል።

2. የሀገራችሁን ብርሃን እወቁ

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በዚህ ምክንያት ፀሐይ ስትወጣም ስትጠልቅም ቀጥ ብላ ነው። በሰዓት 14 ዲግሪ ያህል ስለምትወጣ ለስላሳው ወርቃማ ብርሃን ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ቢቆይ ነው። ለንደን ላይ ፀሐይ በአግድም እየተንሸራተተች ስለምትወጣ ያው ብርሃን 40 ደቂቃ፣ በክረምታቸው ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆያል። የእነሱን መጽሐፍ አንብቦ «አንድ ሰዓት ሙሉ ጊዜ አለኝ» ብሎ ጧት ቁርስ የሚበላ ሰው እዚህ የሚደርሰው ብርሃኑ ካለቀ በኋላ ነው።

የፀሐይ መውጫ ሰዓትም ከወር ወር ይለዋወጣል። አዲስ አበባ ላይ በግንቦት መጨረሻ ከጧቱ 12 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ትወጣለች፤ በጥር መጨረሻ ግን 12፡45 ያልፋል። ማታ በኅዳር 12 ሰዓት ከ5 ገደማ፣ በሐምሌ ደግሞ 12፡45 ገደማ ትጠልቃለች። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናት ላይ ስለምትቆም ጥላ እግር ሥር ይገባል፤ ተራራ ቅርጹን የሚያገኘው ከጥላ ነውና በእነዚያ ሰዓታት መልክዓ ምድር ለማንሳት መድከም ጥቅም የለውም።

ወቅቱም ዕቃ ይመርጣል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ዝናቡ አየሩን አጥቦት ስለሚሄድ ሩቅ ያለው ሸንተረር ጥርት ብሎ ይታያል፤ ለረጅም ሌንስ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አቧራና ጭስ አድማሱን ያደበዝዘዋል፤ ያኔ ቅርብ ነገር አንሱ፤ ወይም ድብዝዙን ተጠቅማችሁ ተራሮችን እንደ ደረጃ ደራርቡ። ክረምት ደግሞ በብዙዎች ዘንድ ቢጠላም ጉም፣ ፏፏቴና የዳመና ጥላ የሚገኘው ያኔ ነው።

3. በዚህ ቅደም ተከተል ግዙ

አንደኛ፣ ትራይፖድ። ወርቃማው ብርሃን አጭር ከሆነ ከእሱ በፊት ያለውን የንጋት ብርሃን መጠቀም ግድ ነው፤ ያ ብርሃን ደግሞ ደካማ ስለሆነ ሹተሩ ሰከንዶችን ይወስዳል። በእጅ አይያዝም። ገበያው ላይ ሁለት ዓይነት ይበዛል፦ ነፋስ ሲነካው የሚወዛወዝ ቀላል የፕላስቲክ፣ እና ለሠርግ ቪዲዮ የሚያገለግል ከባድ። ሁለቱም ለእኛ አይሆኑም። ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ የሚመዝን የአሉሚኒየም ይበቃል፤ ራሱ ኳስ ያለው ይሁን፤ እግሮቹ ለየብቻቸው ወደ ጎን የሚከፈቱ ይሁኑ። ሱቅ ውስጥ ዘርግታችሁ ካሜራውን አስቀምጡበትና ጫፉን በጣት ምቱት። ቶሎ ከረጋ ግዙት፤ ሲንቀጠቀጥ ከቆየ ተዉት።

ሁለተኛ፣ ረጅም ሌንስ። መልክዓ ምድር ሲባል ሁሉም ሰፊ ሌንስ ያስባል። በጀማ ሸለቆ፣ በሰሜን ተራሮች ወይም በአንኮበር አፋፍ ላይ ስትቆሙ ግን የምታነሱት ነገር ሁሉ ከእናንተ በታችና በሩቅ ነው። ሰፊ ሌንስ ያንን ወደ ስስ መስመር ይለውጠዋል። ከ55 እስከ 250 ወይም ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ያለው ሌንስ ግን ሸንተረር በሸንተረር ላይ ያነባብራል፤ ጉም ውስጥ የቆመች አንዲት ጎጆን ለይቶ ያወጣል። ኤፍ 2.8 አያስፈልግም። የምታነሱት በኤፍ 8 ስለሆነ በእጥፍ ዋጋና በእጥፍ ክብደት የሚገዛው ክፍተት ቦርሳ ውስጥ ይተኛል።

ሦስተኛ፣ ሰፊ ሌንስ። ለክሮፕ ሴንሰር ከ10 እስከ 18 ወይም ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያለው ይሆናል። የካኖን 10-18 ለምሳሌ 240 ግራም ብቻ ነው የሚመዝነው፤ ለዳገት መንገድ ትልቅ ነገር ነው። ሰፊ ሌንስ ሥራው ሩቁን ማስገባት ሳይሆን ቅርቡን ማግነን ነው። በመስከረም አደይ አበባ መስክ ላይ ተንበርክካችሁ ሌንሱን ከአበባው በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ አድርጉት፤ ተራራው ከኋላ ይሁን። ቆማችሁ ካነሳችሁት ግን ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት ሣር ብቻ ታገኛላችሁ።

አራተኛ፣ ፊልተር። ሁለት ይበቃል። ፖላራይዘር ከርጥብ ቅጠል፣ ከድንጋይና ከውኃ ላይ ነጸብራቁን ያነሳል፤ ይህን በኮምፒውተር መተካት አይቻልም። በሰፊ ሌንስ ሰማይ ስታነሱበት ግን ተጠንቀቁ፤ ከፀሐይ በ90 ዲግሪ ያለውን ሰማይ ብቻ ስለሚያጠቁር መሃሉ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጎንና ጎኑ ነጣ ያለ ይሆናል። ሁለተኛው ኤንዲ የሚባለው ጥቁር ፊልተር ነው። ባለ 6 ስቶፑ የሰከንድ 1/60 የነበረውን ወደ 1 ሰከንድ ያወጣዋል፤ ለፏፏቴ ልክ ነው። ባለ 10 ስቶፑ ያንኑ ወደ 17 ሰከንድ ይወስደዋል፤ ውኃውን ወደ ጭስ ስለሚለውጥ ለሐይቅ እንጂ ለፏፏቴ ይበዛል። ሁለቱንም ለትልቁ ሌንሳችሁ አፍ ልክ ግዙና ለትንሾቹ ማገናኛ ቀለበት ተጠቀሙ።

አምስተኛ፣ ቦዲ። የሚቀየርበት ምክንያት አለ፦ ኮከብ ታነሳላችሁ፣ ፎቶ በትልቁ ታትማላችሁ፣ ወይም ካሜራው አርጅቶ መታመን አቁሟል። ካኖንና ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ ፉል ፍሬም ሚረርለስ ከገቡ ወዲህ ባለ መስታወቶቹ ካሜራዎች በሁለተኛ እጅ ገበያ ላይ ዋጋቸው ወርዷል፤ ቆሞ ለሚጠብቅ ተራራ ደግሞ የሚያንሱ አይደሉም። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሌንሶቻችሁን ቁጠሩ። የካኖን ኢኤፍ-ኤስ ሌንስ ፉል ፍሬም ዲኤስኤልአር ላይ ጭራሽ አይገባም። የኒኮን ዲኤክስ ይገባል፤ ግን ምስሉን ይቆርጠዋል። «ቦዲ ብቻ ነው የምቀይረው» ያለ ሰው ሦስት ሌንስም አብሮ ይቀይራል።

4. ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ

ብር በገበያ ዋጋ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ ካሜራ ለብዙዎቻችን ርቋል። የሚቀረው በቴሌግራም የሚሸጠው፣ በየሱቁ ያለውና ከውጭ ዘመድ የሚያመጣው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ሠርግ የሠሩ ናቸው፤ ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ መመርመር ግን ያስፈልጋል።

• ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደተነሳ እዩ። ለጀማሪ የሚሠሩ ካሜራዎች ወደ 100,000፣ እንደ ካኖን 5ዲ ማርክ 3 እና ኒኮን ዲ750 ያሉት 150,000 ጊዜ እንዲሠሩ ታስበው የተሠሩ ናቸው። በኒኮን ቁጥሩ ፎቶው ራሱ ውስጥ ስለሚጻፍ አንድ ጄፔግ አንስታችሁ በኮምፒውተር ማንበብ ትችላላችሁ። ለካኖን በገመድ አገናኝቶ የሚያነብ ፕሮግራም ያስፈልጋል።
• ቁጥሩ ትንሽ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ቪዲዮ የሹተር ቁጥር አይጨምርም። ለዓመታት ቪዲዮ ሲቀርጽ የኖረ ካሜራ ቁጥሩ የአዲስ ሊመስል ይችላል። ፍላሽ የሚገባበት ብረት ከተላጠ፣ የኬብል መሰኪያው ከላላ፣ የጎማ መያዣው ከተነሳ ታሪኩን ነግሯችኋል።
• በሌንሱ ኋላ የስልክ መብራት አብሩና ከፊት እዩ። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ክር ካለ ሻጋታ ነው፤ ዋጋው ምንም ቢረክስ ተዉት፤ ከሌሎቹ ሌንሶች ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አታስገቡት።
• ብሎኬት ግድግዳ ፊት ለፊት ቆማችሁ በኤፍ 8 አንሱ። አራቱን ማዕዘን አሳድጋችሁ አወዳድሩ። ሦስቱ ጥርት ብለው አንዱ ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቋል።
• አፐርቸሩን ኤፍ 16 አድርጋችሁ ሰማይ አንሱ። ጥቁር ነጥቦች ከታዩ ሴንሰሩ አቧራ አለበት። የሚጸዳ ስለሆነ ለመከራከሪያ ተጠቀሙበት።
• የሌንሱና የቦዲው ብሎኖች ጥርስ ከተላጠ ዕቃው ተከፍቷል። ማን እንደከፈተውና ለምን እንደከፈተው ጠይቁ።
• ሜሞሪ ካርድ ስትገዙ እስኪሞላ ቅዱበትና መልሳችሁ ክፈቱት። ላዩ ላይ 128 የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን ሩቡን የማይዝ ካርድ ሞልቷል።

ግዢውን ቀን ቀን፣ ሰው ባለበት አድርጉት። የተከታታይ ቁጥሩ የተጻፈበት አጭር ውል ተፈራረሙ፤ የተሰረቀ ካሜራ ገዝቶ ፖሊስ ጣቢያ መንከራተት አለና።

5. ቦታ ምረጡ

ሩቅ ከመሄዳችሁ በፊት ቅርቡን ጨርሱ። አንድን ቦታ በተለያየ ወቅት ደጋግሞ ያየ ሰው አሥር ቦታ አንድ አንድ ጊዜ ከረገጠው የተሻለ ፎቶ ይዞ ይገባል።

እንጦጦ። ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ነው፤ በታክሲ ይደረሳል። ከተማዋ ወደ ደቡብ ስለምትታይ የጧት ፀሐይ ከግራ ትመታታለች፤ ይህ የጎን ብርሃን ሕንጻዎቹን ከኋላቸው ካለው ይለያቸዋል። በጥቅምትና በኅዳር ጧት ጭጋጉና ጭሱ ዝቅ ያለውን ሰፈር ሲሸፍነው ረጃጅሞቹ ብቻ ብቅ ይላሉ። ከ100 ሚሊ ሜትር በላይ ተጠቀሙ። በክረምት ደግሞ ጉም ባሕር ዛፉ መሃል ሲገባ ሌንሱን ወደ ግንዶቹ መልሱት። የእንጦጦ ፓርክ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቢሾፍቱ። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኙ ስለሆኑ ዙሪያቸው ግድግዳ ነው፤ ነፋስ ሳይነሳ ጧት ውኃው ፀጥ ብሎ ዳርቻውን መልሶ ያሳያል። ረፋዱ ላይ ነጸብራቁ ይሰበራል። የሐይቆቹ ዳር አብዛኛው በሆቴልና በሎጅ ስለተያዘ ቡና አዝዞ መግባት ቀላሉ መንገድ ነው። ከተማዋ የአየር ኃይል መቀመጫ መሆኗን ግን አትርሱ፤ ካሜራ ወደየት እንደምታዞሩ ልብ በሉ።

ደብረ ሊባኖስና የጀማ ሸለቆ። በጎጃም መንገድ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ሜዳው ያለ ማስጠንቀቂያ ተቆርጦ ገደል ይሆናል። የፖርቹጋሎች ድልድይ ከሚባለው የድንጋይ ድልድይ አጠገብ ያለው ፏፏቴ የሚሞላው በነሐሴና በመስከረም ነው፤ በበጋ ይደርቃል። ጭላዳዎች ገደሉ ላይ አድረው ጧት ለግጦሽ ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ ማታ መልሰው ይወርዳሉ። የንጋቱን መልክዓ ምድር ጨርሳችሁ ሌንስ ሳትቀይሩ እነሱን መጠበቅ ትችላላችሁ።

ወንጪ። በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለ የእሳተ ገሞራ አፍ ሐይቅ ነው፤ ከ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክቶች አንዱ ሆኖ ለምቷል። ከላይ ከከንፈሩ ስታዩት ሐይቁ፣ ደሴቱና እርሻው በአንድ ፍሬም ይገባሉ፤ ኪት ሌንሳችሁ የሚበቃበት ቦታ ይህ ነው። ጧት ጉሙ ሐይቁን ሞልቶ ሊያገኛችሁ ይችላል። አትመለሱ፤ ጠብቁት፤ ፀሐይ ስትነካው ከጎን ጀምሮ መከፈት ይጀምራል።

ሰሜን ተራሮች። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቅርሶች አንዱ ነው። መግቢያው ደባርቅ ሲሆን ከስካውት ጋር ይገባል። 3,926 ሜትር ከፍታ ያለው ኢሜት ጎጎ ላይ ለፀሐይ መውጫ ለመድረስ ግጭ ማደር ያስፈልጋል። አንድ ነገር አስቡበት፦ ታላቁ ገደል በአብዛኛው ወደ ሰሜን ስለሚመለከት በበጋ እኩለ ቀን ፊቱ ጥላ ነው። ብርሃን የሚያገኘው ጧትና ማታ በጎን ሲነካው ነው፤ ቀኑን ለእረፍትና ለጉዞ አድርጉት።

ሰነቲ። ከጎባ ተነስቶ በመኪና ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣበት የባሌ አምባ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። የባሌ ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ለሰፊ ሌንስ የተሠራ ይመስላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ስለሚጥል ጧት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን ብዙ አይቆይም።

ጢስ ዓባይ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ መጠኑ ከቀን ቀን ይለያያል። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ሂዱ፤ ዛሬ ውኃው እንዴት እንደሆነ ለአካባቢው ሰው ሳትደውሉ አትነሱ።

6. ከመነሳታችሁ በፊት

የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ትናንት የሄደ ሹፌር ወይም እዚያው ያለ ሆቴል ከማንም የተሻለ ያውቃል። ሰላሙ አጠራጣሪ ከሆነ ሌላ አቅጣጫ ምረጡ፤ ተራራው የትም አይሄድም።

ድሮን ያለ ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም አይቻልም፤ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ሳያውቅ እንዳያመጣ ንገሩት። ወታደራዊ ካምፕ፣ ቤተ መንግሥት፣ ኤርፖርት፣ ግድብና ትልልቅ ድልድይ ላይ ካሜራ አታንሱ። ቤተ ክርስቲያንና ገዳም ስትደርሱ መጀመሪያ አባቶችን አስፈቅዱ፤ የግድግዳ ሥዕል ላይ ፍላሽ አይነሳም።

ገበሬ ማሳ አጠገብ ከቆማችሁ ካሜራው ከቦርሳ ሳይወጣ ሰላምታ ይቅደም። «እንደምን አደሩ፣ እዚህ ቆመን ተራራውን ብናነሳ ምን ይመስልዎታል?» ማለት በቂ ነው። ጤፉን አትርገጡ። ሰው አንስታችሁ ፎቶውን እልካለሁ ካላችሁ ላኩ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው አንሺ የሚስተናገደው በእናንተ ልክ ነው።

ቦርሳው ውስጥ፦ ሁለት የሞላ ባትሪ፣ ባዶ ሜሞሪ፣ የግንባር መብራት፣ አየር የሚነፋ የጎማ ፓምፕ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ሁለት የፕላስቲክ ከረጢት፣ ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት፣ ውኃ።

7. አፋፉ ላይ፣ ደቂቃ በደቂቃ

ጥር ነው እንበል፤ ፀሐይ የምትወጣው 12፡45 ገደማ ነው።

11፡50 ድረሱ። ገና ጨለማ ነው። የገደሉን ጫፍ በመብራት ለዩና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቁሙ። ትራይፖዱን ዘርጉ፦ ቁልቁለት ከሆነ ሁለቱ እግር ወደ ታች፣ አንዱ ወደ እናንተ። የመሃሉን ዘንግ አታውጡ፤ ቀጭኖቹን የታች እግሮች የግድ ካልሆነ አትክፈቱ። የካሜራውን ማንገቻ ፍቱት ወይም ጠቅልሉት፤ ነፋስ ሲያውለበልበው ካሜራውን ያንቀጠቅጣል። ቦርሳውን ከመሃል መንጠቆው ላይ አንጠልጥሉ፤ ግን መሬት ይንካ፤ ከተወዛወዘ ጥቅሙ ይቀራል።

12፡00 ካሜራውን አስተካክሉ። ራው፣ አይኤስኦ 100፣ የሌንሱ የእጅ ማረጋጊያ ጠፍቶ፣ ሹተሩ በ2 ሰከንድ ቆጣሪ። ፎከሱን ወደ ማኑዋል አዙሩ። በክሮፕ ሴንሰር ካሜራ፣ በ18 ሚሊ ሜትርና በኤፍ 11፣ 2 ሜትር ላይ ያለ ድንጋይ ላይ በመብራት ፎከስ ካደረጋችሁ ከ1 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ አድማሱ ያለው ሁሉ ጥርት ይላል። ከዚያ ቀለበቱን አትንኩት። ኤፍ 22 አትጠቀሙ፤ ሁሉም ነገር ይለሰልሳል።

12፡20 ወገግ ሲል ጀምሩ። ሰማዩ ሰማያዊና ሐምራዊ ነው፤ ሸለቆው ውስጥ ጥላ የለም። ሹተሩ 15 ወይም 30 ሰከንድ ሊወስድ ይችላል። ብርሃኑ በፍጥነት ስለሚጨምር ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ሂስቶግራሙን እዩ፤ ወደ ቀኝ ይጠጋ እንጂ ግድግዳውን አይምታ።

12፡45 ፀሐይ ጫፏን ስታወጣ ሰማዩና መሬቱ በአንድ ፎቶ አይያዙም። ሦስት አንሱ፦ አንድ ልክ፣ አንድ በ2 ስቶፕ የጨለመ፣ አንድ በ2 ስቶፕ የበራ። በኋላ ይዋሃዳሉ። ይህን እንደጨረሳችሁ ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡ። ሁሉም ሰው ወደ ምሥራቅ ሲያነጣጥር ብርሃኑ የሚሠራው ምዕራብ ባለው ገደል ላይ ነው። ረጅሙን ሌንስ ግጠሙና አንዱ ሸንተረር በርቶ ቀጣዩ ጥላ የሆነበትን ፈልጉ።

1፡15 ላይ ብርሃኑ ይደርቃል። ካሜራውን ከትራይፖዱ አውርዱ፤ የቀረው ለጭላዳና ለሰው ነው።

8. ዕቃችሁን ጠብቁ

ሌንስ ስትቀይሩ ካሜራውን አጥፉ፤ አፉን ወደ መሬት ድፉ፤ ጀርባችሁን ለነፋሱ ስጡ። አቧራማ መንገድ ላይ መኪና ውስጥም ቢሆን ቦርሳው ዚፑ ይዘጋ። ፊልተርና ሌንስ በልብስ ጫፍ አይጠረግም፤ መጀመሪያ በፓምፑ ንፉ፣ ከዚያ በጨርቁ።

ብርድ ባትሪ ይጨርሳል፤ ሁለተኛውን የውስጥ ኪስ ውስጥ፣ ከሰውነታችሁ አጠገብ አድርጉት። ከብርዱ ወደ ሞቀ ክፍል ስትገቡ ካሜራው ላይ ጤዛ ይቋጠራል። ከመግባታችሁ በፊት ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስራችሁ አስገቡትና እስኪሞቅ አትክፈቱት፤ ጤዛው ከረጢቱ ላይ ይቀራል። ክረምት ካለፈ በኋላ ደግሞ ሌንሶቹን ከቦርሳ አውጥታችሁ አየርና ብርሃን ያለበት መደርደሪያ ላይ አቆዩአቸው፤ ሻጋታ የሚወደው እርጥብና ጨለማ ቦርሳ ነው።

9. አትሙና ወስኑ

ከጥቂት ጉዞ በኋላ አንዱን ፎቶ መርጣችሁ በ30 በ45 ሳንቲ ሜትር አሳትሙት። ስክሪን ያባብላል፤ ኢንስታግራም ላይ ማንኛውም ካሜራ ጥሩ ነው። ወረቀት ግን ፎከሱ የት እንደሳተ፣ ትራይፖዱ መቼ እንደተንቀሳቀሰ፣ ጥላው የት እንደሞተ ያሳያል።

አንድ ስሌት እነሆ። አሮጌ የሚባለው ባለ 18 ሜጋ ፒክስል ካሜራ 5,184 በ3,456 ነጥብ ያነሳል። ይህ በ45 ሳንቲ ሜትር ስፋት ሲታተም በአንድ ኢንች ወደ 293 ነጥብ ይሆናል፤ ማተሚያ ቤቶች ለጥሩ ሥራ የሚጠይቁት 300 ነው። ባለ 24 ሜጋ ፒክስሉ ያንኑ ጥራት እስከ 52 ሳንቲ ሜትር ያደርሰዋል። ልዩነቱ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው።

እንግዲህ የታተመውን ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ ከአንድ ሜትር ርቀት እዩት። ጉድለቱ መንቀጥቀጥ ወይም ብርሃን ከሆነ ወደ ደረጃ 2 እና 7 ተመለሱ። ሩቁ ካነሰባችሁ ሌንስ ግዙ። ፎቶው ጥርት ብሎ፣ ብርሃኑ ልክ ሆኖ፣ ከዚህ በላይ ለማተም ጠያቂ ካገኛችሁ ወይም ሌሊቱን ኮከብ ሥር ለማደር ከቆረጣችሁ ያኔ ቦዲ ለመቀየር ምክንያት አላችሁ። እስከዚያ ለቦዲ ያስቀመጣችሁት ገንዘብ ለመኪና ኪራይና ለማደሪያ ይዋል።